የአብርሆት አሻራ

ከአዲስ አበባ ለሚመጣው አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል ተብሎ የቦንጋ ዳርቻ ሲለካ፣ ጋሽ ፈለቀ ለአባታቸው የቡና ማሳ አልሰጉም። የይዞታ ደብተሩ በሁለት ስም ነው፤ ባልም ሚስትም ካልፈረሙ መሬቱ አይነካም። ሚስታቸው አብርሆት ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስሟን ያላሰረዙትም ሆን ብለው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የካሳ ኮሚቴው አስጠራቸው።

«የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለ ከሌላ ወረዳ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣው ጸሐፊ። «እትዬ አብርሆት ፈርመዋል።»

«የሞተ ሰው ማስፈረም ጀመራችሁ ደግሞ?»

ጸሐፊው ሳቀ። «ምነው ጋሼ! አሁን ወጡ እኮ። ‹እሱ እምቢ ይላል፣ እንዳትሰሙት› ብለውኛል።»

ጋሽ ፈለቀ ማጭበርበሩን ሊያጋልጡ ቅጹን ነጠቁት። በስሟ ትይዩ በታተመው የአውራ ጣት አሻራ መሀል የማጭድ ጠባሳ ነጭ መስመር ሠርቷል። ያን ቁስል በነጠላቸው ጫፍ ያሰሩላት እሳቸው ነበሩ።

«አብርሆት» አሉ፣ «እኔን? አርባ ዓመት አብሬሽ ኖሬ?»

ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱት። ቀለሙ ጣታቸው ላይ ቀረ።