የእድሩ ጡሩምባ

«እና ለቅዳሜ ይደርሳል፣ አይደል?» ይሉኛል የእድራችን ዳኛ ጋሽ ከበበ፣ ስልካቸውን ወደ እኔ እየዘረጉ። የሠራሁላቸው አፕ ሰው ሲሞት ለአባላቱ መልእክት ይልካል። አሁን ደግሞ ለሁሉም እየደወለ በድምፅ እንዲያረዳ ይፈልጋሉ። ዛሬ እሁድ ነው።

«እሺ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ልጅ ሆኜ የሰው መስኮት በኳስ ስሰብር ከአባቴ ዱላ ያስጣሉኝ እሳቸው ናቸው፤ አይሆንም የምልበት አፍ ከየት ይምጣ? ከፋሲካ በፊትም ያው ነበር። «አፑን በአሥራ አምስት ቀን ጨርስልን» አሉኝ። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙት አባላት መልእክቱ እንደማይደርሳቸው፣ ለእነሱ ሌላ ሥራ እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝና «ችግር የለም፣ ጋሼ» አልኩ። መረቁኝ። ጡሩምባ ነፊውንም ጋቢ አልብሰው አሰናበቱት፤ ጡሩምባው እዚሁ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

እማማ እታገኝ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የአርባ ዓመት ጓደኛቸው ወይዘሮ ሥርጉት፣ ላይ ከእንጦጦ ሥር ሲቀበሩ፣ እማማ ታች ወንዙ ዳር ቤታቸው ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አጠገባቸው አድርገው ምስር ይለቅሙ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰሙ። ሰፈሩ «ጨከነች» ብሎ አማቸው። እኔም ሐሜቱን ሰምቼ ዝም አልኩ። አፈርኩ።

«አይደርስም፣ ጋሼ» እላለሁ። «ሁለት ወር ይፈልጋል። ያኔም ሁለት ወር ይፈልግ ነበር። ለባለ ቁልፍ ስልክ እንደማይሠራ እያወቅኩ ነው እሺ ያልኩዎት። እማማ እታገኝ ከቀብሩ የቀሩት በእኔ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን እደፋለሁ። ጋሽ ከበበ ግን ስልካቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ይከታሉ።

«ልጄ፣ ሁለት ወር ብትለኝ እኮ ሁለት ወር ጡሩምባው ይነፋ ነበር» ይላሉ።

ይኸው ነው። ያኔ እሺ ያልኩት ይህችን አንዲት መልስ ፈርቼ ነው።

እማማ እታገኝ ይነሳሉ። ወደ እኔ አያዩም። ጡሩምባውን ከግድግዳው ያወርዱና አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ጠርገው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ።