ከመዘምራኑ ጀርባ

ከመዘምራኑ ጀርባ የምታጉተመትም አንዲት ሴት እንዳለች ወጋየሁ ያስተዋለችው፣ ልጇ ሩቲ ከላፍቶ ገዝታ ያመጣችውን አዲስ ስፒከር እስከ መጨረሻው ከከፈተችው በኋላ ነበር።

"እማ፣ ስሚው እንጂ!" አለች ሩቲ፣ ስፒከሩን ከዋይፋዩ ጋር ማገናኘት ስለቻለች ኮርታ። "በስልክ የማይሰማው ሁሉ ይሰማል። ትንፋሻቸው ሳይቀር!"

"ቀንሺው፤ አያትሽ ተኝተዋል።"

"አያቴማ መዝሙር ሲሰሙ ነው የሚሻላቸው።"

አያቷ እማማ አልታዬ የወጋየሁ አማት ናቸው። ወድቀው ከተሰበሩ ወዲህ፣ ሰው ካልደገፋቸው ከአልጋ አይነሱም።

መዝሙሩ ረገብ ሲል የሴትየዋ ድምፅ ጠራ።

"ጌታ ሆይ፣ አሮጊቷን ውሰድልኝ። እሷን ማጠብና ማገላበጥ ታከተኝ፤ እጄ ዛለ።"

የወጋየሁ ፊት በኀፍረት ጋለ። ዛሬ ጠዋት የውጭውን ኩሽና በር ዘግታ፣ ድምፅ አውጥታ የጸለየችው ጸሎት ነበር። ስፒከሩ ያኔ ገና አልተገዛም።

"ማናት ደግሞ ይቺ ክፉ?" ሩቲ ሳቀች። "ድምጿ ያንቺን አይመስልም?"

ወጋየሁ ሶኬቱን ነቀለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። አንገቷን ደፍታ ወደ አማቷ መኝታ ክፍል ሄደችና ገርበብ ያለውን በር ሳትከፍተው ቆመች።

"እማማ፣ ተኝተዋል?"

"አልተኛሁም፣ ልጄ።"

ድምፁ የመጣው ከአልጋው አልነበረም፤ እዚያው ከበሩ ኋላ፣ በቁመቷ ልክ ነበር።

"ደህና እደሪ። ከእንግዲህ እጅሽን አሳርፊው።"

በሩ ቀስ ብሎ ገጠመ፤ ቁልፉም ከውስጥ ዞረ።