ብቻዬን እችላለሁ

ዴልበርት ሞተር ሳይክሉን በመወጣጫው ላይ ቀስ አድርጎ ነድቶ መኪናው ኋላ የተቀጠለው ተጣጣፊ ተጎታች ላይ ወጣና የፊት ፍሬኑን ጨምቆ ያዘ። ስህተቱ የገባው ያን ጊዜ ነበር። ታጥፎ ግድግዳ ጥግ ይቆማል ብሎ የመረጠው ተጎታች ከጎማው ብዙም አይሰፋም፤ እግሩ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ጠርዙን ነክቷል። ፍሬኑን ቢለቅ ሞተሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ልውረድ ቢል በላዩ ይወድቅበታል። አምና ሞተሩን ከተጎታቹ ጋር በማሰሪያ ያሰረችለት ሚስቱ ኖሪን ነበረች፤ ዛሬ «ብቻዬን እችላለሁ» ብሎ መልሷታል። ማሰሪያው ግን እጁ የማይደርስበት መሬት ላይ ቀርቷል፤ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ጠራት።

ኖሪን እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጥታ አየችው።

«ቻልክ?»

«ቀልዱን ተይና እሰሪልኝ!»

«መጀመሪያ ስማኝ። መቼም አሁን ጥለኸኝ አትሄድ። ዘንድሮ ለሞተረኞቹ በዓል ስንሄድ፣ እንዳምናው ከተማው ዳር ሞተሩን አውርደህ ከቤታችን ከነብራስካ ጀምሮ ነድቼ መጣሁ እያልክ ስትፎክር፣ እኔ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ተጎታች ስጠብቅ አልውልም። ሞተሩን እንደጎተትነው በበዓሉ ዋና በር እንገባለን።»

«ጓደኞቼ እነሃርላን እንደ ሕፃን ታዝሎ መጣ ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል!»

«ሃርላን?» አለች ማሰሪያውን ከመሬት እያነሳች። «አምና ሚስቱ ማደያው ጀርባ አጠገቤ ነበረች እኮ። የነሱ ተጎታች ከኛ ይረዝማል።»

ዴልበርት ፍሬኑን እንደገና ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ክንዱ ዝሏል።

«በዋናው በር» አለ በመጨረሻ።

ኖሪን ማሰሪያውን ግራና ቀኝ እስኪወጠር አጠበቀችለት። እሱ ጣቶቹን ከፍሬኑ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀ፤ እሷም የተረፈውን ጫፍ ጠቅልላ ቋጠረችና ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።