ዱላውን አልተቀበልኳትም

"ይህቺ ልጅ የማን ናት?" አለ ረዳቱ።

ማንም አልመለሰም...

እኔም አልመለስኩም።

ነሐሴ 1964 ዓ.ም. ነው። ከሮቤ ወደ አሰላ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነን። ውጭ ይዘንባል።

የምትጮኸው ልጄ ኢፍቱ ናት። አስራ ሁለት ዓመቷ ነው። መናገር አትችልም። ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ትጮሃለች።

ዛሬ ሐኪሞች ኦቲዝም ይሉታል። ያኔ በእኛ ዘንድ ጂኒ ነበር የሚባለው። አሰላ ሐኪም እንዲያያት ይዣት እየሄድኩ ነበር።

አንድ ልማድ አላት። የትም ስንሄድ ዱላዬን የምትይዘው እሷ ናት። ልነሳ ስል ታቀብለኛለች። ለሌላ ሰው አትሰጥም።

ስንሳፈር አንድ ላይ የሚሆን ቦታ አልነበረም። እሷ ከኋላ ተቀመጠች፣ እኔ በሩ አጠገብ።

አሰላ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አጠገቤ የነበረው ሰው ወረደ። በቦታው እዚያው የተሳፈሩት ኦቦ ከዲሮ ተቀመጡ።



ኦቦ ከዲሮ ትልቋን ልጄን ሰኪናን ለልጃቸው ሽማግሌ ልከው የጠየቁ ሰው ናቸው። የሰርጉ ቀን ሊቆረጥ ነው። ኢፍቱ የምትባል ልጅ እንዳለችኝ ግን አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጓዳ ነበር የምደብቃት።

"ብቻህን ነህ ሁሴኖ?" አሉኝ።

"ብቻዬን ነኝ" አልኩ።

ትንሽ እንደሄድን ከብት መንገዱን ዘጋው። ሹፌሩ ክላክሱን ተጭኖ አልለቅም አለ...

ኢፍቱ ጮኸች። ራሷን ከመስኮቱ ጋር ታጋጭ ጀመር።

"ኧረ ቃልቻ ጋ ውሰዷት" አለች አንዷ።

"ባለቤት ከሌላት ከገብሱ ጆንያ ጋር ከላይ እንጫናት" አለ ሌላው። አውቶቡሱ ሳቀ።

ረዳቱ ክንዷን ይዞ እየጎተተ ወደ በሩ አመጣት።

"የመጨረሻ ነው የምጠይቀው። የማን ናት? ካልሆነ አወርዳታለሁ።"

ኢፍቱ ፊቴ ደርሳ ቆመች። ጩኸቷ ጸጥ አለ...

ዱላዬን ዘረጋችልኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"የኔ ናት" የሚል ድምፅ ከጎኔ ሰማሁ።

ኦቦ ከዲሮ ነበሩ። ጋቢያቸውን አለበሷትና ከክላክሱ ሊያርቋት አብረዋት ወረዱ።

አውቶቡሱ ተነሳ... እኔም ተቀምጬ ሄድኩ።

አሰላ ስደርስ መናኸሪያው ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በእግራቸው መጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው።

ኢፍቱ አየችኝ። ቀጥ ብላ መጥታ ዱላውን ዘረጋች።

አሁን ተቀበልኩ።

"ኦቦ ከዲሮ... ይህቺ ልጅ እኮ..."

"አውቃለሁ" አሉ። "አውቶቡሱ ውስጥ ስትዘረጋልህ አይቻለሁ። አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል ብዬ ጠበቅኩህ።"



"ታናሽ ወንድሜ እንደ እሷ ነው" አሉ። "ድግስ ሲኖር ከጎኔ ነው የማስቀምጠው። ልጅቷን ብታሳየኝ ኖሮ ዝምድናችንን የበለጠ እወደው ነበር። አሁን ግን ይቅር።"

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አልመጡም።

ከዚህ የባሰው ቤት ገብቼ ለቤተሰቤ የተናገርኩት ነው።

"ሰርጉ በኢፍቱ ምክንያት ቀረ" አልኳቸው።

ሰኪና አመነችኝ። ኋላ አቦምሳ ተዳረች፣ ወለደች፣ አያት ሆነች። እኔን ልትጠይቅ ስትመጣ ግን እስከ ዛሬ ታናሽ እህቷን ቀና ብላ አታይም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው...

ኢፍቱ ከዚያ ጉዞ ወዲህ አውቶቡስ ላይ ወጥታ አታውቅም። ክላክስ ስትሰማ ከመንገድ ወጥታ እርሻ ውስጥ ትገባለች።

ዛሬም ግን ከመደቡ ልነሳ ስል ዱላዬን ታቀብለኛለች።

ወገኖቼ፣ ታክሲ ወይ አውቶቡስ ውስጥ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ሰው ካያችሁ አትሳቁ። ድምፁ እያመመው ነው። ሹፌሩን ክላክሱን ተው በሉት፣ ቦታ ልቀቁለት። "የማን ነው?" ሲባል ደግሞ አባት የሆነ ሰው ይነሳ። እኔ ያን ቀን አልተነሳሁም።

ሰኪና በዚህ ሳምንት ከአቦምሳ ትመጣለች። ከመሞቴ በፊት እውነቱን ልነግራት አስቤያለሁ።

እናንተ ብትሆኑ... ከየትኛው ቃል ትጀምሩ ነበር?