ምስክር የሆነችው አለቃ

«እዚህ ጋ ፈርሚ።»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሥራውን በገዛ ፈቃድሽ እንደለቀቅሽ የሚገልጽ ወረቀት ነው።»

ልጅቷ ወረቀቱን አየችው... ከዚያ የሰው ኃይል ኃላፊውን አየችው።

«እኔ እኮ መልቀቅ አልፈልግም።»

ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳን አላያትም።

«አንቺ ባትፈልጊም ሆድሽ ፈልጓል» አላት።

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች... አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ወንበር ላይ።

እንዳይታወቅባት ሆዷን በሻሽ ጠፍንጋ እያሰረች ነበር የምትመጣው።

ያጋለጣት ሽንት ነው።

በእሷ መስመር ለሚሠሩት ስልሳ ሴቶች የመጸዳጃ ቤት ካርድ አንድ ብቻ ነው። ካርዱን ያልያዘች ከወንበሯ አትነሳም። ሴቶቹ «ገነት ለመግባት እንኳን እንዲህ ያለ ወረፋ የለም» እያሉ ይስቁበታል።

እሷ ግን በቀን ስድስት ጊዜ መጠየቅ ጀመረች...

ካርዱን የምትይዘው የመስመር አለቃዋ ናት። ሠራተኛው ሁሉ «ብረቷ» ይላታል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም፤ ስትስቅ ያያት ሰው የለም።

እርግዝናውን ለኃላፊው የነገረችውም እሷው ናት።

ልጅቷ አልፈረመችም። በማግስቱ ጠዋት ግን ዘበኛው በር ላይ አስቆማት።

«ስምሽ ከዝርዝሩ ወጥቷል እህቴ... እኔን አትቀየሚኝ» አላት መሬት መሬት እያየ።

ባሏ ግንበኛ ነው። ሥራ ካጣ ሁለት ወር አልፎታል። ቤት ገብታ ምን ብላ ትንገረው?

እግሯ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወሰዳት።

እዚያ ያገኘችው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ በጥሞና ሰሟት። ከመሳቢያቸው መጽሐፍ አውጥተው ገለጡ።

«አገራችን ነፍሰ ጡር ሠራተኛን የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከተቀበለች አምስት ዓመት ሆናት። ሕጋችን ውስጥም ገብቷል። ሴትን አርግዛለች ብሎ ማባረር ክልክል ነው።»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። «እንግዲያው ይመልሱኛላ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፋብሪካው ግን "ሥራ ትታ ጠፋች" ብሎ ጽፏል። እንዳባረሩሽ የሚያውቅ ሰው አምጪ... አንድ ሰው ይበቃል።»

አንድ ሰው።

የሥራ ባልደረቦቿን በር አንኳኳች። አንዷ «እናቴን የማኖራት በዚህ ሥራ ነው» አለቻት። ሌላዋ ልጇን ልካ የለችም አስባለች። አራት ዓመት ምሳ አብረው የበሉት የልብ ጓደኛዋ እንኳን አቅፋት አለቀሰችና... «እኔን ተይኝ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ከስልሳ ሴት አንድ ምስክር ታጣ።

ጉዳዩን የአሠሪና ሠራተኛ ቦርድ በሚያይበት ቀን ብቻዋን ሄደች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት የባሏን ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር።

ሰብሳቢዋ «ምስክር አለሽ?» ብለው ሲጠይቋት አንገቷን ደፋች።

በሩ ተከፈተ...

ብረቷ ገባች።

ልጅቷ ልትጨርሰኝ መጣች ብላ አሰበች።

«ለማን ነው የምትመሰክሪው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ለልጅቷ።»

ወደ ቦርዱ ጠረጴዛ ተጠጋች።

«እርጉዝ መሆኗን ለኃላፊው የነገርኩት እኔ ነኝ። ሕግ ወጥቷል ሲባል ሰምቼ፣ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣታል ብዬ... እሱ ግን "ሳትወልድብን አስወጧት" አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አለቃዋ ሆነሽ እንዴት ልትመሰክሪላት መጣሽ?»

ብረቷ የልጅቷን ሆድ አየች።

«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እኔም አርግዤ ነበር። ያኔ ሕጉ የለም። እንዳልባረር ደብቄ ስሠራ ማሽኑ ላይ እንዳለሁ ደም ፈሰሰኝ... ልጁ አልተረፈም። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ።»

ልጅቷ ተፈረደላት።

ከክፍሉ ሲወጡ ኃላፊው ብረቷን ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «የዛሬውን ዋጋሽን ታገኛለሽ» አላት። ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ሰማች።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የወሊድ ፈቃድ ወጣች። ሴት ልጅ ወለደች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለኝ...

ገና አራስ ሳለች ብረቷ ቤቷ መጣች። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሕፃኗን ታቀፈቻት።

«አባረሩኝ» አለች። «"ሥራዋ ጥራት ጎደለው" ብለው። ምስክርን መበቀልም በሕጉ ክልክል ነው አሉኝ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው ሽማግሌ። ግን ኃላፊው ሲዝትብኝ የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ... እሱን ብቻ ንገሪልኝ።»

«እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ።»

ብረቷ ከሄደች በኋላ ባሏ ሕፃኗን እያየ ተናገረ።

«አንዴ ተርፈሻል። ሁለተኛ ብትባረሪ ማን አለልን? እኔ አልከለክልሽም... ግን ልጃችንን አስቢ።»

ቀኑ ደረሰ።

ልጅቷ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ገብታ ነበር። ያን ቀን ኮሌታ ስትሰፋ ዋለች። ስልኳ ሦስት ጊዜ ጠራ... ሦስቴም አላነሳችውም።

ቦርዱ «ምስክር አልቀረበም» ብሎ የብረቷን መዝገብ ዘጋው።

ይህን ታሪክ ለገጻችን የላከችልን ልጅቷ ራሷ ናት።

«ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄጄ ነበር» ትላለች። «ለቅቃለች። የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ስሜን አታውጡብኝ... ዛሬም የምሠራው እዚያው ነው።»

ወዳጆቼ... አገር ስምምነት ትፈርማለች፣ ሕግም ታወጣለች። ቦርድ ፊት ቆሞ «አዎ፣ ሰምቻለሁ» የሚል ሰው ከጠፋ ግን ያ ሁሉ ሕግ ለተባረረው ሰው ምንም አይፈይድለትም።

እኔ በበኩሌ ልፈርድባት አልቻልኩም። አለመፍረድም አልቻልኩም።

እናንተስ? የሦስት ወር ልጅ ታቅፋችሁ፣ ባላችሁ ሥራ ፈትቶ... ስልኩ ሲጠራ ታነሱት ነበር?

እውነቱን ጻፉልኝ።