ሃምሳ እርምጃ በተጨፈነ ዓይን

"ዓይንህን ጨፍን... ሁለት እጅህን ወደ ፊት ዘርጋ... አሁን ባለህበት ሆነህ ሃምሳ ጊዜ ርገጥ።"

በድሪ ረገጠ... አንድ... ሁለት... ሦስት...

ሃያ ስድስት ላይ ሲደርስ በጀርባው ተዘረረ።

ዶክተር ኃይለየሱስ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትወድቀው?"

በድሪ ወደ በሩ ተመለከተ። እናቱ ጣሂራ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች።

"አዎ ዶክተር... ሁልጊዜ በጀርባዬ ነው።"

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጻፈ... "ጤነኛ"።

ልጁ እንደወጣ እናቱ ክንዱን ያዘችው።

"ወደቅህ?"

"ወደቅሁ እማ።"

"በጀርባህ?"

"በጀርባዬ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው... ቦታው አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የምንላት። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ዘመን ስለነበር፣ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ሰላም አልነበረውም።

ዶክተር ኃይለየሱስ ግን ወታደር ሊመርጥ አልነበረም የመጣው። ስለ ማዞር ጥናት ሊሠራ ነው። አፍንጫ በባትሪ ያያል... ጆሮ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ያንቆረቁራል... ከዚያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ አስምሮ፣ ሰውን መሃሉ አቁሞ፣ ዓይኑን አስጨፍኖ ያስረግጣል።

ለማዞር ደግሞ አፍንጫ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል...

ከአፍንጫችን ጀርባ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። የከረመ ጉንፋን በዚያ በኩል ወደ ጆሮ ሊሻገር ይችላል። ጆሮ ደግሞ መስሚያ ብቻ አይደለም፤ ሚዛናችንን የሚጠብቀው ክፍል ያለው እዚያው ውስጥ ነው። አንዱ ጆሮ ሲደክም፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚረግጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ቀስ በቀስ ወደዚያው ጎን ይዞራል። ብትጠይቁት "ኧረ ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት" ይላችኋል።

ቀበሌው ይህን ሲሰማ "ያዞረኛል" የሚል ምልምል ሁሉ ለሐኪሙ ይላክ አለ።

በዚሁ መሃል ከመሰላ የመጣ አንድ ወጣት በጀርባው ወድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የመለሰው የሳንባ በሽታው ነበር... የጫት ገበያው የሰማው ግን መውደቁን ብቻ ነው።

በቃ... ከሂርና እስከ ቦኬ ጎረምሳው ሁሉ ጓሮ ገለባ አንጥፎ መውደቅ ይለማመድ ጀመር።

"አንተ እንደ ሙሽራ ነው የምትወድቀው፣ ይነቃብሃል" ይባባላሉ።

በአንድ ሳምንት አሥራ አራት ሰው በጀርባው ወደቀበት። ሐኪሙም በጀርባው የሚወድቅ ሁሉ አስመሳይ ነው ብሎ ደመደመ።

ሐሙስ ዕለት በድሪ ከምልምሎቹ ጋር በመኪና ተጭኖ ወደ ማሰልጠኛ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ጫት ቸርቻሪዋ ጣሂራ ሐኪሙ ቢሮ ገባች።

"ዶክተሬ፣ ልጄ በጀርባው ወድቆ የለም እንዴ?"

"ወድቋል እናቴ። የሄደውም ለዚያ ነው።"

"እንዴት?"

"በጀርባቸው የሚወድቁት የሚዋሹት ናቸው። እውነተኛ በሽተኛ ቢሆን ወደ አንድ ጎን ይዞር ነበር።"

ጣሂራ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

"ወደ ቀኝ?"

"ምን አሉ?"

"እሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። መስጊድ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ከሱጁድ ሲነሣ በቀኝ ያለው ሰው ላይ ይደገፋል። ሰዎቹ ከስሰውኝ ያውቃሉ... እኔ ምርቃና ነው፣ ጫት አብዝቶ ነው ብዬ ሰደብኩት።"

"ታዲያ ለምን በጀርባው ወደቀ?"

"እኔ ነኝ ያስተማርኩት።"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

"'እማ፣ ወላሂ እውነት ነው የሚያዞረኝ' አለኝ። እኔ ደግሞ 'እሺ እውነት ይሁንልህ... አንተ ብቻ በጀርባህ ውደቅ' አልኩት። ከዘመቻው ሊያመልጥ የፈጠረው መስሎኝ... ያ ረቢ... እኔም አላመንኩትም ነበር።"

ዶክተር ኃይለየሱስ የጥናት መዝገቡን ገለጠ።

በራሱ እጅ እንዲህ ተጽፏል... "ቁጥር 61፣ በድሪ። የቀኝ ጆሮ የቆየ መግል። የአፍንጫ መደፈን። በሃያኛው እርምጃ ወደ ቀኝ ዞሯል።"

በዓይኑ አይቶታል። ጽፎታል። ልጁ በጀርባው ሲወድቅ ግን አሥራ አምስተኛው ውሸታም አድርጎ ቆጠረው።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ማሰልጠኛው ድረስ ሄደ። መኮንኑ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጋቸው።

"ሰኞ በፊርማህ ጤነኛ ነው አልክ። ዛሬ በፊርማህ በሽተኛ ነው ትላለህ። የቱን ፊርማህን ልመን?"

ባዶ እጁን ተመለሰ።

በድሪ ከስድስት ወር በኋላ አሰበ ተፈሪ ገባ... በሁለት ክራንች። በተራራ መንገድ ሲጓዙ ወደ ቀኝ ወድቆ ነው። ገደሉ በቀኝ በኩል ነበር።

ጣሂራ እግሩ ሥር ተቀምጣ "አውፍ በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ፣ ላድንህ ብዬ ነው" አለችው።

"አውቃለሁ እማ" አላት። "ልታድኚኝ ፈልገሽ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ እንድታምኚኝ ነበር የፈለግሁት።"

...

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርኩት ይህን ነው... የማዞር ሕመም ቁስል የለው፣ ደም የለው። ምስክሩ የታመመው ሰው ቃል ብቻ ነው። ስንወድ ፈጥነን መፍትሔ እንፈልጋለን፤ ቁጭ ብሎ "እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ነው የሚያደርግህ?" ማለት ግን ይከብደናል። አሥራ አራት ሰው ስለዋሸን ደግሞ አሥራ አምስተኛው ዋሽቷል ማለት አይደለም።

እናንተስ "አሞኛል" ሲላችሁ ሳታምኑት ቀርታችሁ፣ በኋላ እውነቱን ስታውቁ የደነገጣችሁበት ሰው አለ? ስታገኙትስ ምን አላችሁት?