ወራጅ አለ

«ወራጅ አለ» አለች ዘርፌ፣ የእዝኑን አገልግል ጭኗ ላይ እያስተካከለች።

«ለማን ነው የምትናገሪው እማዬ? መኪናው ራሱን ነው የሚነዳው፣ ሾፌር የለውም እኮ» አለች ልጇ ብሩክታዊት።

የዘርፌ እህት አስካለ ባሏ ሞቶባት፣ መንገድ ዳር ካለው ቤቷ ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል። ድሮ ቢሆን ዘርፌ ይህችን ቃል ተናግራ እዚያው ትወርድ ነበር። አሁን በአገሩ የቀረው የፍጥነት መንገድ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ታጥሯል፣ መውጫው ከተማ ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ መንደሩ የሚወስደው አሮጌ መንገድም ታርሷል።

«አይቆምም ብዬሽ ነበር።»

«የለቅሶ ድንኳን አይቶ የማይቆም መኪና አላውቅማ።»

ድንኳኑ ብቅ አለ። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች፤ በሚያልፈው መኪና ሁሉ ውስጥ እህቷን ትፈልጋለች። ዘርፌ መስኮቱን በመዳፏ መታች። መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ።

«ስንመለስም በዚሁ ነው?» አለች ቆይታ።

«በወዲያኛው በኩል ነው። መሃሉ ግንብ ስለሆነ ምንም አይታይም።»

ዘርፌ አገልግሉን አቀፈችው። ወጡ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።